ስፖንጁን ቀንሺልኝ

ልጁ ሰደርያውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገው። «ከጀርባው በኩል ትንሽ ስፖንጅ ቀንሺልኝ» አለኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። ምንም አልከበደውም።

የምኖረው አየርላንድ ውስጥ፣ ኪልዴር በሚባል አውራጃ ነው። ፈረስ የሚወድ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ታዋቂው የከራ መወዳደሪያ ሜዳ ያለው እዚህ ነው። የምሠራበት ሱቅ ኮርቻ ይጠግናል፣ ማሰሪያ ይሰፋል፣ የጆኪዎችን (የውድድር ፈረስ ጋላቢዎችን) ባለቀለም ሸሚዝ ያድሳል። እኔ አዲስ አበባ የለመድኩት ልብስ ስፌት ነው። እዚህ ቆዳና ወፍራም ክር ተጨመረበት። የጆኪ መከላከያ ሰደርያ ሲመጣልን የላዩን ጨርቅና ላስቲኩን እናድሳለን። ውስጡን፣ ከምት የሚጠብቀውን ስፖንጅ ግን አንነካም። ጋላቢ መከላከያውን መነካካቱ በውድድር ደንብ የተከለከለ ነው።

ልጁ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። «አይሆንም» አልኩት። አለቃዬም ከጓዳ ብቅ ብለው ደገሙለት። ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ራሳቸው ጋልበዋል፤ ግራ ትከሻቸው ዛሬም ከቀኙ ዝቅ ይላል። ልጁ አልተከራከረም። ሳቅ ብሎ ሰደርያውን አነሳ። ሊወጣ ሲል ዞር አለና እንዲህ አለኝ፦ «ይሄ የሚያስፈልገኝ የወደቅኩ ቀን ነው። ሚዛን ላይ ግን በየቀኑ እቆማለሁ።»

ይቺ ንግግር አልለቀቀችኝም። ስሰፋም ትመጣብኛለች፣ ወጥ ሳማስልም ትመጣብኛለች። ልጁ ግድ የለሽ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር። እሱ ግን አስቦበታል። ሒሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው። ሒሳቡን ሳየው ደግሞ ልክ ነው። ለምን ልክ ሆነ? ነገሩን መፈተሽ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚዛኑ

በፈረስ ውድድር ክብደት ሁሉ ነገር ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራው ፈረስ ብዙ ይሸከማል፣ ደካማው ትንሽ። ጋላቢው ከውድድሩ በፊት ኮርቻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሲጨርስም እንደገና ይወጣል። መሰናክል በሌለበት በሜዳ ውድድር ቀላሉ ጭነት ኮርቻውን ጨምሮ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ነው። አንድ ጎልማሳ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሆኖ ለመቆየት ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ቁርስ የለም። ምሳ የስም ናት። ፍል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለ፣ በሙቀት ቀን ሹራብ ደርቦ መሮጥ አለ። በብሪታንያ መወዳደሪያ ሜዳዎች ላይ ለጋላቢዎች ሳውና ነበር። በኮቪድ ጊዜ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም እንደተዘጋ እንዲቀር ተወሰነ።

ከራሱ ሥጋ ላይ በግራም የሚቀንስ ሰው ስፖንጁን ለምን ይምራል?

ሰደርያውን የሠሩትም ይህን ያውቃሉ። የአውሮፓው መስፈርት መከላከያ ሰደርያዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ሦስተኛው ወፍራሙና ጠንካራው ነው። መጋለብ የሚማር ልጅ፣ በሶምሶማ የሚሄድ ሰው፣ እሱን እንዲለብስ ይመከራል። ለጆኪ ግን ለረጅም ጊዜ የተፈቀደለት ቀላሉ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚበር፣ ግማሽ ቶን በሚመዝን እንስሳ ላይ የሚወጣው ሰው የሁሉንም ትንሹን ይለብሳል ማለት ነው። ምክንያቱ ሚዛኑ ነው፤ በተጨማሪም ጎንበስ ብሎ እንዲጋልብ መተጣጠፍ አለበት። ሁለተኛውን ምክንያት እቀበላለሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ነው የሚያንገበግበኝ።

ይበልጥ የሚገርመው እርሳሱ ነው። የምንጽፍበትን አይደለም፣ ብረቱን ማለቴ ነው። ጋላቢው ከተመደበው ክብደት ካነሰ፣ ከኮርቻው ሥር ባለው ጨርቅ ኪስ ውስጥ ጠፍጣፋ እርሳስ ይጨመርበታል። ስለዚህ በአንድ ውድድር ውስጥ አንዱ ከጀርባው ስፖንጅ ሊያስቀንስ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር፣ ጎኑ ያለው ማንንም የማያድን ብረት ተሸክሞ ይሮጣል። ለአለቃዬ «እርሳሱን አውጥተው ለምን ስፖንጅ አያደርጉበትም?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እርሳስ ያለው እኮ ቦታ የተረፈው ጋላቢ ነው» አሉኝ። «ያንቺ ልጅ አንድ ግራም አልተረፈውም።» እውነታቸውን ነው። ስፖንጅ የሚያስቀንሰው ሰው እርሳስ የሌለው ሰው ነው።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ነገሩኝ። ሄልሜት ከክብደቱ ጋር አይቆጠርም። ጋላቢው ሲመዘን ሄልሜቱና አለንጋው ከሒሳቡ ውጪ ናቸው። ለሰደርያው ደግሞ በብዙ አገር ትንሽ ማካካሻ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ግራም የጋላቢው ዕዳ ነው። ይህን ስሰማ ቆም ብዬ አሰብኩ። እዚህ ሱቅ ብዙ ጋላቢ ይመጣል። ሄልሜቴን አሳሺልኝ ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም። ያው ሰው ነው፣ ያው ረሃብ ነው፣ ያው ሚዛን ነው። ለጭንቅላቱ የሚሳሳ ሰው ለጀርባው የማይሳሳ ሆኖ አይደለም። አንዱ ይመዘናል፣ ሌላው አይመዘንም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እኔ ሰፊ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ቢሆንም ይህን ለማለት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፦ የሰደርያው ንድፍ የሚጀምረው ከስፖንጁ አይደለም፣ ከሚዛኑ ክፍል ነው። ሰደርያው እንደ ሄልሜቱ ሙሉ በሙሉ ከሒሳብ ይውጣ። ያን ቀን ፋብሪካዎቹ ቀላል ስለመሥራት ማሰብ ትተው የሚያድን ስለመሥራት ያስባሉ። አሁን ያለው ውድድር ማን ይበልጥ ያሳሳል የሚል ነው።

ክብደት ማሳነስ የት ድረስ እንደሚወስድ ለማየት የባሕረ ሰላጤውን የግመል ውድድር ማስታወስ ይበቃል። ዱባይና ዶሃ ያላችሁ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ። ቀላል ጋላቢ ተፈልጎ ከባንግላዴሽ፣ ከፓኪስታን፣ ከሱዳንና ከሞሪታንያ ሕፃናት ይወሰዱ ነበር። ዓለም ከጮኸ በኋላ፣ በ2005 አካባቢ፣ ኤምሬቶችና ኳታር ከለከሉት። ኳታር በአንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ጋላቢ ሮቦት አሠራች። የመጀመሪያዎቹ ሮቦቶች ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር። ወዲያው ማሳነስ ተጀመረ፤ ዛሬ ሁለት ሦስት ኪሎ ደርሰዋል። ሮቦቱም ከሚዛን አላመለጠም።

ብረትና ሣር

አለቃዬ መደርደሪያ ላይ የማይሸጡት አንድ ሄልሜት አላቸው። ከውጭ ስታዩት ጭረት እንኳ የለውም። አዲስ ነው ብሎ ለመግዛት የጠየቀ ሰው አይቻለሁ። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ ስታደርጉት ነጩ ፎም አለ። ቴሌቪዥን ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነው። ከግራ ጆሮ በላይ አውራ ጣቴን ሳስኬደው አንድ ቦታ ላይ ሰርጎድ ይላል። እዚያ ላይ ፎሙ ተጨፍልቋል። ሥራውን ሠርቶ ሞቷል። ይህ ፎም የሚሠራው በመጨፍለቅ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ስለዚህ የወደቀ ሰው ሄልሜቱ ምንም ባይመስልም ይጣላል። አለቃዬ ያስቀመጡት ይህን ለማሳየት ነው። ጣታቸውን ያላስገቡበት ወጣት ጋላቢ እዚህ አካባቢ ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄው ግን ሄልሜቱ ማንን ለማሸነፍ ነው የተሠራው የሚለው ነው። ፈተናው እንዲህ ነው። ሄልሜቱን የሰው ጭንቅላት ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ያጠልቁታል። ከሰው ቁመት ከማይርቅ ከፍታ ወደ ጠፍጣፋ ብረት ይለቁታል። ውስጥ ያለው መሣሪያ የምቱን ኃይል ይለካል። በቆየው የአውሮፓ መስፈርት ከ250 ጂ (ከመሬት ስበት 250 እጥፍ) ካለፈ ወድቋል፤ በአሜሪካው ደግሞ 300 ጂ ነው። ይህ ፈተና ብዙ ሰው አትርፏል፤ የራስ ቅል ስብራትን በደንብ ይከላከላል። ግን ጆኪ ብረት ላይ አይወድቅም። ጆኪ የሚወድቀው ሣር ላይ ነው፤ ያውም አየርላንድ ውስጥ፣ ዝናብ የጠገበ ሣር ላይ።

ይህን በደንብ ያዩት እዚሁ ቅርባችን፣ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እውነተኛ የጆኪ አወዳደቆችን ከቪዲዮ ሰብስበው በላብራቶሪና በኮምፒውተር እንደገና ሠሯቸው። ያገኙት ነገር ስፌት ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ብረት ላይ ያለው ምት አጭርና ኃይለኛ ነው። ሣር ላይ ያለው ደግሞ ለስለስ ያለ ግን ረዘም ያለ ነው፤ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ይቆያል። አንጎልን የሚያናውጠው ይህ ለስላሳ የሚመስለው ነው። በፈተናው ቁጥር ብትመዝኑት ያልፋል። ልጁ ግን ተነስቶ ቀኑ ማን እንደሆነ አያውቅም። ፎሙም ለብረት ምት የተመጠነ ስለሆነ ለሣሩ ይደርቅበታል፤ በቅጡ ሳይጨፈለቅ ሰውየው ተናውጦ ይነሳል።

ሌላው ነገር መሽከርከሩ ነው። ሰው ከሚሮጥ ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ድንጋይ አይወርድም። እየተሽከረከረ፣ በጎኑ፣ እየተንሸራተተ ነው የሚያርፈው። ቅል ውስጥ ያለ ወተት ሲናጥ አስቡት። ቅሉ ምንም አይሆንም፤ የሚለወጠው ውስጡ ነው። ስዊድኖች ይህን አስበው ከጭንቅላቱና ከሄልሜቱ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር የሚንሸራተት ቀጭን ሽፋን አበጁ፤ ሚፕስ ይባላል። ዛሬ በብስክሌት ሄልሜት ላይ ቢጫውን ምልክት አይታችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ገበያ የወጣው ግን በ2007 በፈረስ መጋለቢያ ሄልሜት ላይ ነው። ፈረሰኞች ቀድመው ያገኙትን ነገር ብስክሌተኞች ናቸው በብዛት የያዙት። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ያው የተለመደው ነው፦ ደንቡ አያስገድድም፣ ፈተናውም መሽከርከርን አይለካም ነበር።

አለቃዬ በዚህ ወሬ መሃል አንዴ ስለራሳቸው አጫወቱኝ። ወድቀው፣ ተነስተው፣ በሚቀጥለው ውድድር ላይ ሌላ ፈረስ ጋልበዋል። ሁለተኛ እንደወጡ በጋዜጣ አንብበዋል። አያስታውሱትም። ያን ጊዜ እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር አሉኝ። ዛሬ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ማንም አይመለስም።

ጅብ ከሄደ

የዚህን ነገር ታሪክ ሳነብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ከአፌ አይጠፋም። ካፒቴን ቤኔት የሚባል እንግሊዛዊ በ1923 ትልቁን የግራንድ ናሽናል ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዎልቨርሃምፕተን ላይ ወደቀና ፈረስ ጭንቅላቱን መታው። ጥር ላይ ሞተ። በመሰናክል ውድድር ሄልሜት ግዴታ የሆነው ከእሱ በኋላ ነው። ለሜዳ ውድድር ጋላቢዎች እስከ 1950ዎቹ መጠበቅ አስፈልጓል።

ቲም ብሩክሾና ፓዲ ፋረል የሚባሉ ጆኪዎች በወራት ልዩነት፣ ሁለቱም ኤይንትሪ በሚባለው የእንግሊዝ ሜዳ ላይ፣ ወድቀው ሽባ ሆኑ። በ1964 የተጎዱ ጆኪዎች መርጃ ተቋቋመ። እስከዚያ ድረስ የወደቀ ጆኪ የቤተሰቡ ዕዳ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሮን ተርኮት በ1973 ሴክረተሪያት በተባለው ፈረስ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ያንኑ ድል ባገኘበት ቤልሞንት ሜዳ፣ በተራ ውድድር ወድቆ ከወገብ በታች ሽባ ሆነ። በዓለም ዝናን ያተረፈ ጋላቢ ነበር። ዝናው አከርካሪውን አልያዘለትም።

አሁንም አላለፈም። በፌብሩዋሪ 2025 ማይክል ኦሱሊቫን የሚባል ጆኪ እዚሁ አየርላንድ፣ ቱርለስ ላይ ወድቆ ከአሥር ቀን በኋላ አረፈ። 24 ዓመቱ ነበር። ያን ሰሞን ሱቃችን የመጣ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ደንቡ የሚያዘውን ሁሉ ለብሰው ነው የሚወጡት። የሚለበስ ነገር ሁሉን እንደማያድን እዚህ ሰፈር ማንም አይነግራችሁም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ከኋላ የሚመጡት

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በፈረስ ውድድር ይህ ተረት ሳይሆን ቃል በቃል የሚደርስ ነው። መውደቁ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የሚያስፈራው ከኋላ ያሉት ናቸው፤ ደግሞም የገዛ ፈረሱ ላዩ ላይ ሲወድቅ። አምስት መቶ ኪሎ። ይህን ክብደት የሚያቆም ስፖንጅ የለም፤ የሚለበስም አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው ኤርባግ የሚለው። አለ። ጃፓኖች መጀመሪያ ለሞተር ሳይክል ነጂ የሠሩት ነው። ሰደርያው ከኮርቻው ጋር በገመድ ይያያዛል። ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ይሳባል፣ ትንሿ የጋዝ ጠርሙስ ትከፈታለች፣ በሰከንድ አሥረኛ ገደማ ሰደርያው አንገትና ጎንን አቅፎ ይነፋል። ገጠር ለገጠር መሰናክል የሚዘሉት ፈረሰኞች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ለጆኪ ግን ገመዱ ራሱ ችግር ነው። ጆኪ ኮርቻ ላይ አይቀመጥም፤ እርካቡ ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው። ፈረሱና ሰውየው አብረው ከወደቁ ደግሞ ገመዱ የሚሳበው ሲለያዩ ነው፤ ያን ጊዜ ጊዜው አልፏል። ሞቶ ጂፒ በሚባለው የሞተር ሳይክል ውድድር የሚነዱት ገመድ የላቸውም። ልብሳቸው ውስጥ ያለች ኮምፒውተር መውደቃቸውን ከእንቅስቃሴው ታውቃለች፤ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለፈረስ የዚያ ዓይነት ነገር ለመሥራት ኮምፒውተሩ ግልቢያን ከመውደቅ፣ መሰናክል መዝለልን ከመወርወር መለየት አለበት። ለዚህ ብዙ የአወዳደቅ መረጃ ይፈልጋል። የደብሊኖቹን ዓይነት ሥራ የምወድለትም ለዚህ ነው፤ ከላብራቶሪው ሳይሆን ከአወዳደቁ ነው የሚጀምረው።

የተሳካላቸውን ነገሮች ስቆጥር አንዳንዶቹ ጭራሽ አይለበሱም። የሜዳውን አጥር እዩት። ድሮ ቋሚው እንጨት ወይም ሲሚንቶ ነበር። ዛሬ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ደግሞ ምሰሶው ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የወደቀው ሰው ምሰሶው ጋ እንዳይላተም። የመሰናክሉን ቀለምም እዩ። በብሪታንያ የመሰናክሉ ጠርዝ ብርቱካናማ ነበር፤ ለሰው ዓይን ደመቅ ያለ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የፈረስን ዓይን አጠኑ። ለካስ ፈረስ ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አይለይም! ለስንት ዘመን ፈረሱ እንዲያየው የተቀባው ቀለም ለፈረሱ ሣር መስሎ ይታየው ነበር። ከ2022 ጀምሮ ወደ ነጭ መቀየር ተጀመረ። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ጋላቢው እንዳይወድቅ የሚያደርግ ነገር አንድ ግራም አይመዝንም፣ ሚዛን ክፍልም አይገባም።

እግረ መንገዴን የአገር ቤት ነገር ላንሳ። ልጅ ሆኜ በጥምቀት ጃን ሜዳ ጉግስ አይቻለሁ። ዘንጉ ይወረወራል፣ ጋሻው ይመክታል፣ አቧራው ይነሳል። ሄልሜት የሚባል ነገር የለም። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡም በቴሌቪዥን አያለሁ፤ ያ ሁሉ ፈረስ በአንድ ሜዳ ሲሮጥ ያሳሳኛል። ግን የድሮው ባላገር እርካብ ትዝ ይለኛል። ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቧም አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ናት። ለአለቃዬ ፎቶ ሳሳያቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋላቢ ወድቆ እግሩ እርካብ ውስጥ ከቀረ ይጎተታል፤ የፈረሰኛ ሁሉ ቅዠት ነው። በአውራ ጣት የተያዘ እርካብ ግን ማንንም አይጎትትም። ፎቶውን አትመው ከሄልሜቱ ጎን ለጥፈውታል።

ለቆመ ሰው የተሰፋ

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ይኸው። መተጣጠፍ።

ሰደርያ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው በጣቴ መዳሰስ ነው። ጥሩው ስፖንጅ በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፣ ከደረትና ከጀርባ ጋር ይስማማል። የተጎዳው ላይ ጉድጓድ ይቀራል። ስፖንጁ ከምት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶም ወደ ቦታው ካልተመለሰ አልቆለታል። እንግዲህ አንዳንዴ ጉድጓድ አገኛለሁ፣ አንዳንዴ የሣር ቀለም፣ አንዳንዴ የፈረስ ጫማ ብረት ምልክት። ማሽኔ ጎን ላይ የሰው ጀርባና ፊት የሚያሳይ ሥዕል ለጥፌ ያገኘሁትን በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ጥናት ነው ልል አልችልም። የሰፊ ማስታወሻ ነው። ከውድድር ሜዳ ውጪ የሚወድቁትን ማንም አይቀርጻቸውም። ኪልዴር ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ፈረስ የሚያሯሩጡት ሠራተኞች ብራዚላውያን አሉ፣ ሕንዶች አሉ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አሉ። ለእነሱ ካሜራ የለም። ሰደርያቸው ግን እኔ ጋ ይመጣል።

አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ ከሰደርያው ጠርዝ አጠገብ ናቸው፤ ከወገብ በላይ፣ ኩላሊት አካባቢ፣ ጨርቁ ከሚያልቅበት። አንዲት የጠዋት ጋላቢን ለምን ሰደርያሽ አጠረ አልኳት። «አላጠረም፣ ስጋልብ ነው የሚያጥረው» አለችኝ። ሱቁ ጥግ የእንጨት ፈረስ አለን፤ ኮርቻ የምንሞክርበት። እሱ ላይ ውጪ አልኳት። እንደ ውድድር ጎንበስ ስትል የኋላው ጨርቅ ወደ ላይ ሸሸ። ወገቧ ባዶውን ቀረ። የፊቱ ደግሞ ተሸብሽቦ አገጯን ነካ።

ስፌት ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነው። ሰደርያው የተቆረጠው ለቆመ ሰው ነው። አሻንጉሊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ያምራል። ጆኪ ግን ያ ሰደርያ ለብሶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሚዛን ላይ ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ ጎንበስ ነው። የጎበጠ ሰው ጀርባ ይረዝማል፣ ሆዱ ያጥራል። ለሱፍ ኮት ልክ ስንወስድ እንኳ ሰውየው እጁን ዘርግቶ እናየዋለን። ሴት ስትሆን ችግሩ ይብሳል። ሬቸል ብላክሞር በ2021 ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ከጠዋቶቹ ጋላቢዎችም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እጄ ላይ የሚመጣው ሰደርያ ግን ደረቱ ጠፍጣፋ ነው። ጡት ያላት ሴት ስትለብሰው ከጎን ይከፈታል። ክፍተቱ ደግሞ ልክ የጎን አጥንቷ ላይ ነው።

ልጅቷን ጎንበስ እንዳለች ለካኋት። ከማጅራት እስከ ወገብ ቆማ ከነበረችው በግልጽ ይረዝማል። የተበላሸ ሰደርያ ፈትቼ የጀርባውን ስፖንጅ በአግድም ቆራረጥኩት፤ አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ ተደርቦ እንዲንሸራተት አድርጌ በላስቲክ አያያዝኩት። ስትጎነበስ ይዘረጋል፣ ስትቀና ይሰበሰባል። አለቃዬ ሁለት ሦስቴ ጎተት ጎተት አደረጉትና «መደራረቡ ክብደት ይጨምራል» አሉ። ይጨምራል። ትንሽ ነው፤ ግን ይጨምራል። ይህን ለብሶ ውድድር የሚወጣ የለም፤ መስፈርትም አላለፈ፣ የማንም ሕይወት አልሰጥበትም። የእንጨት ፈረስ ላይ ብቻ ነው የምንሞክረው። ኋላው ገብቶልኛል። ፊት ለፊት የሚሸበሸበውን የት እንደማደርሰው ግን ገና አልመጣልኝም። መሃሉን ብከፍተው ደረቷ ይጋለጣል፣ ባሳሳው ያው ልጁ የጠየቀኝን መሥራት ይሆንብኛል። ልብስ ስፌት ወይም ምሕንድስና የምታውቁ፣ ሐሳብ ካላችሁ ጻፉልኝ። ግራሙንም አብራችሁ ንገሩኝ፤ አለቃዬ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።